ያልተበየደው የደረት ጌጥ

«ዳዋ ሞልቶ አደረ፣ ግመሎቼ ማዶ፣
ማን ያሻግርልኝ…»

የዳዋ ወንዝ ዘፈን ነው፤ ከዚህ ወዲያ ያለው ጠፍቷታል። ሶሬቲ የጠፋውን ቃል በአፍንጫዋ እያንጎራጎረች ታልፈዋለች፤ እጆቿ ግን አያርፉም። ነገሌ ከተማ፣ ከከብት ገበያው በላይ ባለችው ጓሮዋ ተቀምጣ የጥይት ቀለህ በቆርቆሮ መቀስ ትሰነጥቃለች፣ በመዶሻ ታሳሳለች፣ በሞረድ ታለሰልሳለች። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን በየሜዳው የቀረው ናስ በእሷ እጅ አልፎ በሴቶች ደረት ላይ ያበራል።

ሙያውን ያስተማራት ባሏ ሊባን ነው፤ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። ከጌጡ ዳር ቀጫጭን ምላሶች አስቀርቶ ወደ ኋላ ማጠፍ፣ መርፌውን ከብስክሌት ሽቦ አሹሎ በምስማር ቁራጭ ማያያዝ፣ በቃ። ብየዳ የለም። በሊባን ቤት ወግ ባል ለሚስቱ የሚሠራው ጌጥ አይበየድም። ባል የሞተ እንደሆነ ወንድሙ በለቀስተኛው ፊት ምላሶቹን ይዘረጋል፣ ናሱንም ለሚስቲቱ ይመልሳል። ለቅሶውም ያኔ ይጀመራል። ጌጡ ከተቆረጠ ግን ፍቺ ነው።

ሊባን ወደ ሰሜን እንደዘመተ ቀረ። ሶሬቲ ጠበቀች። በአንዱ የድርቅ ዓመት ሊባን የሠራላት ጌጥ ምላሱ ላላባትና የሞቱ ምልክት መሰላት። እየሮጠች ገበያ ወዳለው በያጅ ሄደች።

«አጥብቅልኝ» አለችው፤ «ማንም እንዳይፈታው አድርገህ።»

ምላሶቹን በየደላት። ያን ቀን እየዘፈነች ነበር ወደ ቤቷ የገባችው፤ እስኪመጣ የሚፈታው የለም ብላ።

ኋላ ጎሊቻ የሚባል ሰው ከሻኪሶ የወርቅ ጉድጓድ መጣ። ከሊባን ጋር አንድ ምሽግ ውስጥ የነበረ ነው። «በእነዚህ እጆቼ ቀብሬዋለሁ» አላት።

ሶሬቲ እጆቹን አየቻቸው። «ውሃ ላምጣልህ?» አለችው።  እንባ አልመጣም። ሆዷ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ዝናብ እንደራቀው የኤላ ጉድጓድ ጭው ብሎ ነበር።

ወሬውን የሰማው የሊባን ታላቅ ወንድም አረሮ ከዘራውን ይዞ ደረሰ።

«አካም፣ ሶሬቲ። ናጋ?»

«ናጋ፣ ጋሼ። ይቀመጡ።»

«ሐሙስ ለቅሶ እንቀመጣለን። እስቲ ጌጡን ልየው።» ገልብጦ አየው። «ይኼ ተበይዷል።»

«እኔ ነኝ ያስበየድኩት።»

«እንግዲህ መቁረጥ ነው። መቁረጥ ደግሞ መፋታት ነው፤ ከሞተ ሰው ጋር ማን ይፋታል?»

«አይቆረጥም፣ ጋሼ። ሚስቱ ሆኜ ነው የማለቅስለት።»

«በምን? የሚዘረጋ ጌጥ ሳይኖርሽ በምን ይሁንልሽ?» ብሎ መሬቱን በከዘራው እየወጋ ሄደ።

ባለሱቋ ጎረቤቷ በለጡ ከአጥሩ ማዶ ሰምታለች። «ወይ አንቺ! ሴት ባሏን በመድኃኒት ታስራለች፤ አንቺ በብየዳ!» አለች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ከሰመ። ሶሬቲ አልተቆጣችም፤ መቆጣትም ቀርቷት ነበር።

ያን ዕለት ትልቁን ቀለህ መርጣ ሰነጠቀች። ቀጠቀጠችው፣ ምላሶቹን አጠፈች፤ አንዱ ከሥሩ ተሰነጠቀ። ናስ ብዙ ሲመታ ይጠጥራል። ሌላ ቀለህ አነሳች፤ ይኼን በከሰል አግላ፣ አብርዳ፣ ጨርቅ እንደምታጥፍ ሴት በዝግታ አጠፈችው።

ሐሙስ የሊባን እናትና ለቀስተኛው በትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ሲሰበሰቡ አዲሱን ጌጥ አረሮ መዳፍ ላይ አኖረችው።

«ይኼን ሊባን አልሠራውም» አለ አረሮ።

«ጀርባውን ይዩት።»

ገለበጠው። ምላሶቹ በሙሉ ወደ ግራ ያዘነበሉ ነበሩ። ሊባን ግራኝ ስለነበር ሁሌም እንደዚያ ያጥፍ ነበር፤ ሶሬቲ ደግሞ በቀኝ እጇ የምትሠራ ብትሆንም የእሱን እጅ እያየች እንደዚያው ለምዳ ቀረች። 

«ግራኙ!» አለ አረሮ። «አባታችን ስንቴ መታው፤ አልተወም እኮ! አልተወም!»

ምላሶቹን በጥፍሩ እያነሳ ዘረጋቸው። ሴቶቹ ጮኹ። ጠፍጣፋውን ናስ ሲመልስላት ሶሬቲ ተቀበለች፤ ከአረሮ መዳፍ ሙቀት በቀር የተሰማት ነገር አልነበረም።

«የተበየደውስ?» አላት ቀስ ብሎ።

«እሱ እዚሁ ይሁን» አለች ደረቷን ነክታ።

አረሮ ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልከለከላትም።

በለጡ ንፍሮ በሳህን አመጣች። «ነይ እንግዲህ፣ ከጠዋት ጀምሮ ቆመሻል።»

«አልራበኝም።»

«ማን ራበሽ አለ? የባልሽ ለቅሶ ነው፣ ብይ።»

ሶሬቲ በርጩማውን ሳበችና በሊባን እናትና በበለጡ መሃል ተቀመጠች። አንድ እፍኝ ዘገነች። ጨው አንሶታል። ማኘክ ጀመረች።