የእኔ ሞንታርቦና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ጆሮ

የትምህርት ቤት ሥራ የጀመርኩት በፎቶ ኮፒ ማሽኔ ነው። በመጀመሪያው ቀንም አበላሸሁ።

ሱቄ ሐይቅ ውስጥ ዋናው መንገድ ዳር ነው። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መንዙማ እጭናለሁ፣ ለሠርግና ለስብሰባ ሞንታርቦ አከራያለሁ። ከዚያ በፊት ውጫሌ ገበያ የከብት ደላላ ነበርኩ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። የእንግሊዝኛ ፊደል አነባለሁ፤ ማሽኖቼ ላይ የተጻፈው ሁሉ በእሱ ስለሆነ። ምን እንደሚል የሚገባኝ ግን ማሽኑ ሲበላሽ ነው።

የዚያን ቀን መምህር አስፋው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ይዘው መጡ። ጋሽ አስፋው ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ ጠመኔ ከኮታቸው ኪስ የማይጠፋ ሰው ናቸው። የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም፤ በሐይቅና በውጫሌ መካከል ነው፣ ይበቃል።

«የማንበብ ፈተና ነው። ለማንም እንዳታሳይ» አሉኝ።

«ለማን ላሳይ ጋሼ? በዚህ ሰፈር እንግሊዝኛ የሚያነብ ቢገኝ ኖሮ መጀመሪያ የማሽኔን መመሪያ ባስነበብኩት ነበር።»

አባዝቼ ሰጠኋቸው። ቀትር ላይ የተረፈውን ወረቀት ሳነሳ ሁለተኛው ገጽ ላይ ወረቀቱ ሸርተት ብሎብኝ ኖሮ የምንባቡ የመጨረሻ አንቀጽ የለም። ክው አልኩ። ባጃጅ ይዤ በረርኩ፤ ፈተናው አልቋል።

«ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ አንድ አንቀጽ በላሁ» አልኳቸው።

ወረቀቱን አገላብጠው አዩት። ሦስት ጥያቄ የወጣው ከዚያ አንቀጽ ነው።

«ለዚህ ነው እንግዲህ» አሉ። «ሉባባ የምትባል ልጅ እጇን አውጥታ ‘ቲቸር፣ ምንባቡ አላለቀም’ አለችኝ። ተቀመጪ አልኳት።»

«ሌሎቹስ?»

«ሌሎቹ ሞልተው ሰጡኝ።»

«ከሌለ አንቀጽ?»

«አንዳንዶቹማ በትክክል።»

ደላላ ሆኜ የሌለ በሬ ሲሸጥ አይቻለሁ። ከሌለ አንቀጽ መልስ ሲወጣ ግን ያን ቀን አየሁ። ጥፋቴን ሮጬ ስለተናገርኩ ይሁን ሌላ ፎቶ ኮፒ ስላጡ፣ ሥራው በእኔ ዘንድ ጸና።

ቀጥሎ የማዳመጥ ፈተና መጣ። እስከዚያ ድረስ የማዳመጥ ፈተና የሚባለው እንዲህ ነበር፤ መምህሩ ፊት ለፊት ቆመው የእንግሊዝኛውን ምንባብ ሁለቴ ያነባሉ፣ ተማሪው አሥር ጥያቄ ላይ ከአራት ምርጫ አንዱን ያከብባል። ኋላ ከበላይ መመሪያ ወረደ፤ መምህር ሁሉ በየራሱ አፍ ስለሚያነብ ከእንግዲህ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ በተቀዳ ድምፅ ይሁን የሚል። ድምፁ በፍላሽ መጣ። የሚያጫውተው ዕቃ ግን አልመጣም። ርዕሰ መምህሯ ወይዘሮ ትዕግሥት ሱቄ ድረስ መጡ።

«ሰይድ፣ ሞንታርቦህ ከሠርግ ሌላ ያውቃል?»

«ሠርግ ላይ ያልሰማው እንግሊዝኛ ብቻ ነው» አልኳቸው።

የሠርግና የፈተና አጫዋች ሥራው ለየቅል ነው። ሠርግ ላይ ቤዙን ትከፍታለህ፣ ሰዉ በደረቱ ይሰማል። ፈተና ላይ ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ ትዘጋለህ፤ ቀጭኑን፣ ትሬብሉን፣ ከፍ ታደርጋለህ፣ አለዚያ ቃሉ ቆርቆሮ ጣሪያው ሥር ገብቶ ያስገመግማል። ሞንታርቦው ከመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ከክፍሉ ወገብ ላይ፣ በተቀመጠ ልጅ ጆሮ ልክ ይቆማል። ጀኔሬተር አይነሳም፤ በመኪና ባትሪ ነው። ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት የኋለኛው ዴስክ ላይ ተቀምጠህ ራስህ ትሰማለህ። ዝናብ ከጀመረ ታቆማለህ። ሁለቴ ታጫውታለህ፤ በመካከሉ ሳል እንኳ ብትስል ጥፋቱ ያንተ ነው።

ይህን ሁሉ አደረግሁ። ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ ጥርት ብሎ ወጣ። ልጆቹ ግን ሞንታርቦው ላይ አፈጠጡ። አንድ ሰው የሚያወራ መስሏቸው ፊቱን የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ጋሽ አስፋው ጥግ ላይ ቆመው ላብ ያጠምቃቸዋል።

ውጤቱ መጣ። ሁልጊዜ ከአሥር ስምንትና ዘጠኝ የሚያመጣው ክፍል ከሞላ ጎደል ሁለትና ሦስት አመጣ።

ወይዘሮ ትዕግሥት ቢሮ አስጠሩኝ። «ማሽንህ ልጆቹን ጣላቸው» አሉ።

«ማሽኔ ንጹሕ ነው፣ ወይዘሮ ትዕግሥት።»

«ጋሽ አስፋው ሲያነቡ ዘጠኝ ያመጣ ልጅ፣ ያንተ ማሽን ሲያነብ ሁለት ካመጣ የታመመው ማን ነው?»

እሳቸው ወሰኑ። በማግስቱ ጋሽ አስፋው ሌላ ምንባብ በአፋቸው ያነባሉ፤ ልጆቹ እንደ ቀድሞው ካመጡ፣ የድምፅ ዕቃው ብልሹ ስለነበር የመጀመሪያው ውጤት ይሰረዝ ተብሎ ለወረዳ ይጻፋል። ብልሹ የሚለው ቃል ከእኔ ስም ጋር በማህተም ሊወጣ ነው። ሐይቅ ትንሽ ከተማ ናት። ያ ደብዳቤ ወረዳ ከደረሰ፣ ከዚህ እስከ ውጫሌ የእኔን ሞንታርቦ ደፍሮ የሚከራይ ሙሽራ አይገኝም።

«እሺ፣ እኔም ኋላ ተቀምጬ ልስማ» አልኩ። ፈቀዱልኝ።

በማግስቱ የኋለኛው ዴስክ ላይ ቁጭ አልኩ። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ አንድ ጥያቄ ወረቀት ወሰድኩ። ጋሽ አስፋው ማንበብ ጀመሩ። ከእንግሊዝኛው አንድም አልገባኝም። ትንሽ ቆይቼ ግን አንድ ነገር ታወቀኝ። ጋሽ አስፋው እያነበቡ ይሄዱ ይሄዱና አንድ ቃል ላይ ሲደርሱ ይለሰልሳሉ። ቃሉን ይስቡታል፤ ቅንድባቸው ከፍ ይላል፤ መነጽራቸውን ነካ አድርገው ልጆቹን ያያሉ። ያኔ ክፍሉ ሁሉ አንድ ላይ አንገቱን ደፍቶ ያከብባል።

ይህን እኔ አውቀዋለሁ። ገበያ ውስጥ በሬውን ሊሸጥ የቆረጠ ሰው የመጨረሻዋን ዋጋ ሲጠራ ድምፁ እንዲህ ነው የሚሆነው። ዓመታት እንጀራዬን የበላሁት ያንን ድምፅ በማወቅ ነው። እኔም የለሰለሰውን ቃል ከምርጫዎቹ መካከል እየፈለግሁ፣ በፊደሉ የሚመስለውን አከበብኩ።

መልሱ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ አመሳከርኩ። ከአሥር ስምንት።

ወላሂ፣ መጀመሪያ ደስ አለኝ። ሰይድ ሞንታርቦ እንግሊዝኛ ስምንት! ቀጥሎ ደነገጥኩ። እኔ ስምንት ካመጣሁ ይህ ፈተና የሚፈትነው እንግሊዝኛ አይደለም።

የክፍሉም ውጤት ተለጥፎ ሳየው ወደ ስምንትና ዘጠኝ ተመልሷል። ሲያነቡ ጋሽ አስፋውን ያላየቻቸው አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። ዓይኗን ጨፍና ዴስኩ ላይ ተደፍታ የሰማች። ያቺው ምንባቡ አላለቀም ያለችው ሉባባ ናት። በሞንታርቦ ሰባት፣ በአፍም ሰባት። በር ላይ ጠበቅኋት።

«ለምን ነው የማታያቸው?» አልኳት።

ሻሿን እያስተካከለች አፈረች። «ቲቸርን ካየኋቸው ይረብሸኛል፣ ጋሽ ሰይድ። ሲያዝኑልኝ ይታወቀኛል። ያኔ የሰማሁትን ትቼ እሳቸውን እሰማለሁ።»

«ሞንታርቦውስ ይሰማ ነበር?»

«በደንብ ነዋ! እንዲያውም እሱ አያዝንም።»

ማስረጃዬ ሞላ። የእኔን ስምንት ቢሮ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ ብቻ ነው የቀረኝ። እግሬ ግን ወደ ቢሮ አልሄደልኝም። ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩ ሰው፣ አንድ ዓመት ሲቀራቸው፣ በስምንተኛ ክፍል ደላላ ፊት ሊዋረዱ ነው። እንደዚያ አድርጌ ነጻ ብወጣ ሐይቅ ላይ ሰላም የሚለኝ አይኖርም። ዝም ብል ደግሞ ብልሹ የሚለው ማህተም አለ።

ጋሽ አስፋው ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር ዓሣ እንደሚገዙ አውቃለሁ። እዚያ አገኘኋቸው። ዓሣ አጥማጁ ቆሮሶውን በጋዜጣ እየጠቀለለላቸው ነው። ወረቀቴን ሰጠኋቸው፤ ስሜ ላይ ጣቴን አድርጌበታለሁ።

«ያርሙልኝ» አልኩ።

ቀዩን እስክሪብቶ ከኪሳቸው አወጡ። አይለያቸውም። «ስምንት! ይሄ ደህና ልጅ ነው። የማን ነው?»

ጣቴን አነሳሁ።

«አንተ? እንግሊዝኛ ተምረሃል እንዴ?»

«ኧረ እኔ የት አውቄ።»

«ታዲያ ማን ነገረህ?»

«አንቱ።»

ዓሣ አጥማጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ስለ ቅንድባቸው፣ ስለ ድምፃቸው፣ ስለ በሬ ሻጩ ነገርኳቸው። ከቦርሳቸው ሌላ ሁለት ምንባብ ከነጥያቄያቸው አወጡ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩና አነበቡ። ፊታቸው ባይታየኝም ድምፃቸው ይለሰልስ ስለነበር አምስት አመጣሁ። «አሁን ደግሞ» አሉና እንደ እድር ለፋፊ ደረቅ አድርገው ሌላ አነበቡ። አንድ አመጣሁ።

ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ዓሣው እግራቸው ሥር ነው።

«ሰይድ፣ መልስ ልነግራቸው ፈልጌ አይደለም።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«ከገጠር በእግሩ የሚመጣ ልጅ ነው። እንግሊዝኛ ሲሰማ ፊቱ ይጨልማል። ያንን ፊት እያየሁ ማንበብ አልችልም። አፌ ራሱ ይሄድላቸዋል።» ቀዩን እስክሪብቶ ወደ ኪሳቸው መለሱና «ዘጠኝ ባመጡ ቁጥር አስተማርኩ ብዬ ነበር» አሉ።

ዓሣቸውን አንስቼ ያዝኩላቸውና አብረን ወደ መንገድ ወጣን።

ሰኞ ቢሮ ተጠራሁ። ደብዳቤው ተጽፎ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ማህተሙ ቀለም ነክቷል። ሌሎች መምህራንም ነበሩ። እኔ የልጆቹን ውጤት በአፍም በማሽንም ጎን ለጎን ጽፌ ኪሴ ውስጥ ይዣለሁ። ላውጣው አላውጣው እያልኩ ጋሽ አስፋው ተነሡ።

«ማህተሙ ይቆየን» አሉ። «የሰይድ ዕቃ ደህና ነው። ብልሹው የእኔ አነባበብ ነው።»

ወይዘሮ ትዕግሥት ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ምን ማለትዎ ነው?»

«መልሱ ጋ ስደርስ ድምፄ ይናገራል። ልጆቹ የሚሰሙት ምንባቡን አይደለም፣ እኔን ነው። ሉባባ ብቻ አታየኝም፤ በሁለቱም ሰባት ነች። የሁለቱንም ቀን ውጤት አስተያዩት።»

ጎኔ የተቀመጠው የሒሳብ መምህር «እኛማ እናንተ ክፍል ዘጠኝ ሲመጣ የእናንተን ውጤት እየጠራን ልጆቻችንን እንገርፍ ነበር» ብሎ ሳቀ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ያ ሳቅ ባይኖር ክፍሉ አይተነፍስም ነበር።

ወይዘሮ ትዕግሥት ደብዳቤውን ቀደው ቅርጫት ውስጥ ጣሉት። «ሁለትና ሦስቱ ይመዝገብ» አሉ። «እንግዲህ እውነተኛ መሆኑን የምናውቀው እሱን ነው።» ወደ እኔ ዞረው «አንተ ደግሞ ነገ ዕቃህን ይዘህ ና» አሉኝ። ይቅርታ የሚሉት እንደዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ትንሿን ስፒከሬን እነሱ ዘንድ ተውኳት። ጋሽ አስፋው በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ላይ አንድ ምንባብ በእሷ ያሰሙና ጥግ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። መጀመሪያ ልጆቹ ተናደዱ። «ቲቸር ተጣሉን» ያሉም ነበሩ። ሞዴል ፈተና ሲደርስ አራትና አምስት አመጡ፤ ጥቂቶቹ ስድስት። ሉባባ ዘጠኝ። ዘጠኝ ሲሏት «ትክክል ነው?» ብላ ወረቀቷን እንደገና አስታረመች።

ጋሽ አስፋው ያን ዓመት ጡረታ ወጡ። አሁንም ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አገኛቸዋለሁ። ዓሣ ሲገዙ ዋጋ አይከራከሩም፤ ድምፃቸው ቀድሞ ስለሚያሳብቅባቸው እኔ እከራከርላቸዋለሁ።

እኔ ዛሬም የማዳመጥ ፈተና አጫውታለሁ። ሥራው አድጎ አንዳንዴ በአንድ ቀን ሁለት ትምህርት ቤት ይደርሰኛል። ይህን ሥራ ከእኔ ለምትቀበሉ የምነግራችሁ ይህንን ነው። ባትሪውን ሙሉ፣ ቤዙን ዝጉ፣ የኋለኛው ዴስክ ላይ ተቀምጣችሁ ስሙ። ድምፁን ከለቀቃችሁ በኋላ እስኪያልቅ ድረስ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙሩ። ብታዝኑላቸውም አዙሩ።