ያልደረሰው የደም ጥያቄ

እልኸኛዋ ይሏታል፤ የሆስፒታሉ ፕሮግራመር ናት። የምትሠራው ምድር ቤት፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ነው። ሰው የሚያስታውሳት ኮምፒውተር ሲቆም ብቻ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የማዋለጃ ክፍሉ አንጋፋ ነርስ፣ ሁሉም ሲስተር የሚሏት፣ ዓይኗ ቀልቶ ገባች። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይዛለች። ባለፈው እሑድ ደም ለሚፈሳት ወላድ ደም ባንኩን በኮምፒውተር ጠይቃ፣ "ተሳክቷል" የሚል አይታ ነበር። ደሙ ግን የውኃ ሽታ ሆነ። ሲጨንቃት ራሷ በታክሲ ሄዳ አመጣችው። ወላዷ ለጥቂት ተረፈች። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ደግሞ "ጥያቄው ደም ባንክ አልደረሰም፤ አልላክሽውም" ብሎ ጻፈባት።

"ልጄ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ ውሸታም ልባል?"

እልኸኛዋ የፕሮግራሙን መዝገብ ከፍታ ስታይ ነገሩ ገባት። ደም ባንኩ የድረ ገጽ አድራሻውን ቀይሯል። አሮጌው አድራሻ "ወደ አዲሱ ሂዱ" ብሎ ይመልሳል፤ ፕሮግራሙም ማንንም ሳይጠይቅ ይሄዳል። ሲሄድ ግን የያዘውን ጥያቄ መንገድ ላይ ጥሎ፣ ባዶ እጁን ገጹን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ገጹ ስለተከፈተለት "ተሳክቷል" ይላል።

ደብዳቤውን ከሲስተር እጅ ወስዳ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣች።

"ሲስተር ልካለች! የጣለው የእኛው ፕሮግራም ነው። አድራሻ ሲቀየር ዝም ብሎ እንዳይከተል እናድርገው ብዬ አምና ጽፌልዎት ነበር፤ 'የሚሠራን ነገር አትነካኪ' አሉኝ።"

"ድምፅሽን ቀንሺ።"

"ሰው ሊሞት ነበር እኮ! ቀስ ብዬ ስናገር መች ሰሙኝ?"

ፈቃድ አልጠበቀችም። ወርዳ ፕሮግራሙ በራሱ መከተሉን እንዲተው አደረገች። አሁን "ሂዱ" ሲባል መጀመሪያ አድራሻውን ያያል፤ የሚታወቅ ከሆነ ጥያቄውን እንዳለ ይዞ እንደገና ያቀርባል፤ ካልታወቀ ቆሞ "አልደረሰም፣ ስልክ ደውሉ" ብሎ በቀይ ይጽፋል። ደም ባንኩ የመቀበያ ቁጥር ካልሰጠ በቀር "ተሳክቷል" አይልም።

ማስጠንቀቂያው በሳምንቱ በሌላ ደብዳቤ ተነሣ። "በቴክኒክ ችግር ምክንያት" ከሚል አንድ መስመር በቀር ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም።

"ይሄ ቴክኒክ የሚሉት ሰውዬ አባቱ ማን ይባላል?" አለች ሲስተር እየሳቀች።

እልኸኛዋ አልሳቀችም። የመድኃኒት ቤቱንና የላቦራቶሪውን ፕሮግራሞች ከፍታ እያየች ነበር። ሁለቱም አድራሻ ሲቀየር ልክ እንደዚያው ዝም ብለው ይከተላሉ።