ሐመልማል በቃዲው ፊት

ሐመልማል ፈሪ ናት። ይህን የምጽፈው ላማት ብዬ አይደለም፤ ራሷ ናት "መጀመሪያ እሱን ጻፊው" ያለችኝ። ውሻ ትፈራለች፣ ድልድይ ትፈራለች፣ ስሟ ድንገት ሲጠራ ትፈራለች። ጎንደር ሕግ ስትማር አንድም ቀን እጇን አውጥታ ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም። እንዲህ ያለች ልጅ ጠበቃ እሆናለሁ ስትል ዘመዱ ሁሉ ይስቅባት ነበር። አባቷ ብቻ "ትፍራ፣ ግድ የለም፤ ድፍረቱን ሌቦቹ ይዘውታል" ይል ነበር።

ታዲያ ይህችን ልጅ ነው ለክረምት ትምህርት ሱዳን የላኳት! ጦርነቱ ካርቱምን ሳያፈርሳት፣ ገዳሪፍ ያለ አንድ ኮሌጅ ከእኛ አገር በየክረምቱ ጥቂት ተማሪዎች እየተቀበለ የሱዳንን ሕግ ያስተምር ነበር። እሷ የተመረጠችው ዓረብኛ ስለምትችል ነው። ያደገችው መተማ ዮሐንስ፣ እናቷ ከድንበሩ ማዶ ለሚመጡ የገላባት ሰዎች ሽንኩርትና ቲማቲም ሲሸጡ ከሚዛኑ ሥር ቁጭ ብላ ነው። ዓረብኛዋም የገበያ ነው፤ ዋጋ ለመከራከር ማን ብሏት፣ ከዚያ አልፎ ቁም ነገር ልናገርበት ስትል ግን ይንተባተባል።

ገዳሪፍ ያረፈችው አክስቷ አሰጋሽ ቤት ነው። አሰጋሽ በሰባ ሰባቱ ድርቅ በእግሯ ገብታ፣ ልብስ እየሰፋች ልጆች ያሳደገች ሴት ናት፤ እኔም ከእሷ ጋር ግድግዳ የምጋራ ጎረቤቷ ነኝ። ልጅቱ በመጣች በማግስቱ አስቀምጣ መከረቻት።

"ስሚኝ ሐሙ፤ እዚህ አገር ፖሊስ ስታይ መንገድ ቀይሪ። ወረቀትሽን ከደረትሽ እንዳታወጪ። ከሁሉ በላይ ዝም በይ።"

"አክስቴ፣ እኔ እኮ ሕግ ልማር ነው የመጣሁት።"

"እኮ ዝም ብለሽ ተማሪያ!"

አስተማሪዋ ኡስታዝ ሁዜይፋም ከዚህ የተለየ ነገር አላለም። በዚያ ሁሉ ጭቃ መሃል ነጭ ጀላቢያው የማይቆሽሽ፣ ቀጭን ሰው ነው። ተማሪዎቹን ችሎት እየወሰደ ከኋላ ያስቀምጣቸዋል። ደንቡ አንድ ነው፤ ተማሪ ያያል፣ ይሰማል፣ አይናገርም። ችሎት ውስጥ አፉን የከፈተ ትምህርቱ በዚያው ዕለት ያበቃል። ሐመልማል ይህን ስትሰማ ደስ አላት። በዝምታማ ማን ይችላታል!

አንድ ቀን ወደ ባሱንዳ በኩል ወዳለ የገጠር ችሎት ወሰዳቸው። ጥቁሩ መሬት ዝናብ ጠጥቶ የመኪናውን ጎማ እየዋጠ ብዙ አንገላታቸው። ችሎቱ አንድ የቆርቆሮ ክፍል ነው፤ ደጁ ላይ ኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር ባለጉዳዮች። ተከሳሹን ስታይ ሐመልማል ልቧ ዘለለ። የአገሯ ሰው ነው! ያረጋል ይባላል፤ ከደንቢያ የወረደ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሰሊጥ አረም ለማረም ድንበር የሚሻገር የቀን ሠራተኛ። የእርሻው የውሃ መሳቢያ ሞተር ጠፍቶ፣ ሰረቀ ተብሎ ነው የቀረበው።

ከሳሹ የእርሻው ወኪል እስማኤል ነው። ወፍራም፣ ላብ የሚያሰጥመው፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው።

"ወላሂ እሱ ነው፣ ሞላና!" ይላል ለዳኛው። እዚህ አገር ዳኛን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። "ወላሂ ሞተሩ አጠገብ የሚተኛ ሌላ ሰው የለም። ወላሂ ጠዋት ስመጣ የለም!"

"ምስክር አለህ?" አሉት ቃዲው፤ ነጭ ጢማቸውን እያሻሹ።

"ምስክር ከየት አምጥቼ? ወላሂ ሁሉም ተኝቷል።"

"ምስክር ከሌለ መሐላ ነው። ተከሳሹ አልወሰድኩም ብሎ በመጽሐፉ ይማልና ወደ ቤቱ ይሂድ።"

በፕላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍ ቅዱስ መጣ። ሁሉም ጉዳዩ አለቀ ብሎ መነሳት ጀመረ። ያረጋል ግን እጆቹን ወደ ኋላ ደበቀ።

"አልምልም" አለ።

የሚያስተረጉሙት ከኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ የመጡ ወልዳይ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ አማርኛቸው ውስጥ ትግርኛው ይሰማል። እሳቸውም ደነገጡ።

"ምን ሆንክ ወደይ? አልሰረቅኩም በልና ሂድ እንጂ።"

"አልሰረቅኩም።"

"እሱን መጽሐፉን ይዘህ በለዋ!"

"መጽሐፍ ይዤ አልልም።"

ወልዳይ ትከሻቸውን ነቅንቀው ለቃዲው ነገሯቸው። ቃዲው ግንባራቸውን ቋጠሩ። ሦስት ጊዜ እጠይቀዋለሁ አሉ፤ ሦስቴ እንቢ ካለ እንዳመነ ይቆጠራል፣ እስር ቤት ይወርዳል። ሁለተኛ ጠየቁት። አሁንም እንቢ። ሦስተኛውን ሳይጠይቁት የቀትር ሶላት ተጠራና ችሎቱ ተነሳ።

ሐመልማል በዚያ ሙቀት በረዳት። ሰውየው ለምን እንቢ እንዳለ ከእሷ በቀር የገባው የለም። በእኛ አገር ገጠር እውነት ይዞም ቢሆን መጽሐፍ መንካት ቤት ይዘጋል፣ ልጅ ያስቀስፋል ተብሎ ይፈራል። የንስሐ አባቱም አጥብቀው ይከለክሉታል። ሽማግሌ ፊት ለመማል የሚቸኩል ሰው ከተገኘ፣ የሚጠረጠረው እሱ ነው። እዚህ ግን ያው ፍርሃት ሌባ ሊያሰኘው ነው።

ለፖሊሱ በገበያ ዓረብኛዋ "ውሃ ላጠጣው" አለችውና ኒሙ ሥር ተጠጋች። ጣሳውን ስታቀብለው ግማሹ ውሃ ያረጋል እግር ላይ ፈሰሰ።

"እግሬን ነው የምታጠጭው?" አላት።

"አያ ያረጋል፣ በእናትህ ማል። ካልማልክ ያስሩሃል።"

"ይሰሩኝ። ወንድሜ በድንበር ክርክር ምሎ ዓመት አልደፈነም፤ ሞተ።"

"በሐሰት ነው የማለው?"

"በእውነት ነው እንጂ!"

"በእውነት ከማለማ ለምን ይሞታል?"

"ይኸው! እውነት ይዞ የማለው እንዲህ ከሆነ መሐላ ይነካል? እኔ ማርያምን ሞተሩን በዓይኔም አላየሁት።"

"አሁን ማልክ እኮ!"

"ይሄማ ወሬ ነው፤ መጽሐፍ የለበት።" ከዚያ ቀና ብሎ አያት። "አንች ሕግ ተማሪ ነሽ አሉ። ለምን አትነግሪያቸውም?"

"እኔ እንድናገር አይፈቀድልኝም።"

"እህ? ታዲያ ምንሽን ነው የምትማሪው?"

ይህች ቃል ገደለቻት። ተመልሳ ተቀመጠች። ብትናገር ትምህርቷ ያበቃል። ፖሊሱም "ይህች ማን ናት?" ብሎ ወረቀቷን ቢጠይቅስ? ዝም ብትል ደግሞ ሰውየው በፊቷ እስር ቤት ሊወርድ ነው።

ቃዲው ገቡ። "ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅሃለሁ" አሉ። ያረጋል አሁንም እንቢ አለ። ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ።

ሐመልማል መቼ እንደተነሳች አታውቅም። ቆማ ራሷን አገኘችው።

"ያ ሀጅ! ያ ሀጅ!" ብላ ጮኸች፤ ሽንኩርቱ ተወደደ ብሎ ጥሎ የሚሄድ ደንበኛ እንደምትጠራ። ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ኡስታዝ ሁዜይፋ ዓይኑን ጨፈነ።

ቃዲው ግን አልሳቁም። "ማን ነሽ ልጄ?"

"ሐበሻ ነኝ... ተማሪ... ሞላና፣ ሰውየው አላመነም! እኛ አገር ንጹሕ ሰው ነው መሐላ የሚፈራው። ከእስር ይልቅ መጽሐፉን ይፈራል። በመፍራቱ አይፍረዱበት።"

"እናንተ አገር እንዲህ ያለው ሰው እንቢ ሲል ምን ታደርጋላችሁ?"

ይህን አላሰበችበትም። አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች። "ከሳሹ ይማላ!"

ቃዲው ወደ እስማኤል ዘወር አሉ። "መሐላን ወደ ከሳሽ መመለስ እኛም ጋ የታወቀ ነገር ነው" አሉ። "መልካም። እስማኤል፣ ያረጋል ወስዶታል ብለህ በቁርኣን ትምላለህ፤ ከማልክ እፈርድልሃለሁ።"

"ወላሂ እምላለሁ!" አለ እስማኤል፤ ቃዲው ሳይጨርሱ።

አይ የሐመልማል ድንጋጤ! ከሳሹም እንደ ደንቢያ ሰው መሐላ ይፈራል ብላ ነበር ያሰበችው። ይህ ሰው ግን ጠዋት ከተነሳ ጀምሮ ወላሂ ሳይል አንድ ነገር አልተናገረም! እሷ ዝም ብትል ኖሮ ምናልባት ቃዲው ያዝኑለት ነበር። አሁን ግን በእሷ አፍ ማሰሪያው ገመድ ለከሳሹ ተሰጠ። ሰውየውን አሳስሬው ልሄድ ነው አለች በልቧ። ያረጋል ወልዳይን "ምን አለ?" ብሎ ሲጠይቅና ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሲነግሩት አየች። በነጠላዋ አፏን አፈነች።

እስማኤል ቁርኣን ሊነካ ነውና ሊታጠብ ወጣ። በሩ ክፍት ስለነበር ትታየዋለች። ማሰሮውን አጋድሎ እጁን ታጠበ፣ አፉን ተጉመጠመጠ፣ ፊቱን፣ ክንዱን፣ እግሩን። እንደዚያ የቸኮለው ሰው አሁን ሁሉን ቀስ አድርጎ ነው የሚያደርገው። ሲመለስ እጁ አይወራጭም፤ ፊቱ ላይ ያለውም ውሃ ይሁን ላብ አይታወቅም።

ቁርኣኑ ፊቱ ተቀመጠ። እጁን ዘረጋ። እጁ እመንገድ ላይ ቀረ።

"ሞላና" አለ፤ ድምፁ ሌላ ሆኗል። "ሞተሩ ጠፍቷል ብዬ እምላለሁ።"

"እሱን ማንም አልካደም።"

"አጠገቡ የሚተኛው እሱ ነው ብዬ እምላለሁ።"

"እሱስ ወስዶታል?"

እስማኤል እጁን መልሶ ደረቱ ላይ አደረገ።

"በዓይኔ አላየሁም። ይህን በቁርኣን አልልም።"

"ኸላስ" አሉ ቃዲው። "ክሱ ወድቋል። ልቀቁት።"

ወልዳይ ሲተረጉሙለት ያረጋል የደበቃቸውን እጆቹን አውጥቶ አያቸው። ሐመልማልም ደጅ ወጥታ ኒሙን ተደገፈች። ፖሊሱ ወደ እሷ ሲመጣ "አለቀልኝ" አለች፤ እሱ ግን ውሃ ያጠጣችበትን ጣሳ ሊመልስላት ነበር። ከእሱ ኋላ ኡስታዝ ሁዜይፋ መጣ፤ በዝግታ ነው የተናገራት።

"በደንብ ተናገርሽ። ትምህርትሽ ግን ዛሬ አብቅቷል፤ ደንቡን ታውቂዋለሽ።"

አለቀሰች እንዳልል፣ ለማልቀስ ጊዜ አላገኘችም። እስማኤል ትራክተሩን አስነስቶ ያረጋልን ከኋላ ተሳቢው ላይ እንዲወጣ በእጁ ሲጠራው አየች። ያረጋልም እየሄደለት ነው!

"አያ ያረጋል! ወዴት? ከዚህ ሰውዬ ጋር?" ብላ ሮጠች። "እዱር ወስዶ ቢገድልህስ?"

"አረሙ አላለቀማ!" አላት፤ ተሳቢው ላይ እየተንጠለጠለ። "ሰሊጡ እኔ ችሎት ስቆም አይጠብቀኝ።"

እስማኤል ዘወር ብሎ "ምን ትላለች?" አለ በዓረብኛ። ትራክተሩ ጭቃውን እየረጨ ተንቀሳቀሰ።

"ሌላ ሞተር ከጠፋ እልክብሻለሁ፤ ትመጫለሽ!" ሲል ያረጋል ጮኸ።

እሱ መቀለዱ ነው። እሷ ግን "እመጣለሁ" ብላ መልሳለት፣ ከአፏ የወጣውን ስትሰማ ከቀኑ ሁሉ አብልጣ ደነገጠች።