ሳን ሆዜ ላይ ያነበብኩት መልእክት

ባለፈው ቅዳሜ ሊያ ኮል አደረገችልኝ። ሊያ ኦክላንድ ውስጥ የሳይበር ሴኪዩሪቲ ስብሰባ የምታዘጋጅ፣ እዚሁ አሜሪካ ተወልዳ አማርኛዋን ያልጣለች ልጅ ናት።

«ጋሼ፣ በሚቀጥለው ሚትአፕ የዋይፋይ ደኅንነትን እርስዎ ፕሬዘንት ያድርጉልን» አለችኝ።

«የዌብ አፕሊኬሽኑን ስጪኝ፤ ዋይፋዩን ሌላ ሰው ይያዘው» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ ሁሌ እንደዚህ ይላሉ! ዋይ?» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቄን አስከትዬ አለፍኩት። ለዚያች ልጅ ምን ብዬ ላስረዳት? ለባለቤቴ እንኳ አንድ ጊዜ ጀምሬላት ሳልጨርሰው ቀርቻለሁ።

ነገሩ የሆነው በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ዲቪ ደርሶኝ ከመጣሁ ብዙም አልቆየሁም። ቀን ሚልፒታስ ከተማ ካለ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተር ሰሌዳ እፈትሻለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ስለ ኔትወርክ ደኅንነት አነባለሁ። ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር ውስጥ ከዳዊት ጋር አንድ አፓርትመንት ተጋርተን ነበር የምንኖረው። ዳዊት የቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራን መሪ ነው፤ ተጫዋች፣ አፉን መዝጋት የማይሆንለት ሰው። ኩሽና ገብቶ እንኳ ከድስቱ ጋር ያወራል።

አዲስ አበባ ደግሞ እታለም አለችኝ። ታላቅ እህቴ ናት። እናታችን ስትሞት እሷ ገና ኮረዳ ነበረች፤ ትዳሯንም ትምህርቷንም ትታ እኔን አሳደገች። ኩላሊቷን መታመም ጀምራ ነበር። በዚያ ሰሞን ስልኳ አልነሳ አለኝ። የአክስቴ ልጅ ጋ ስደውል፣ «ኔትወርኩ አስቸግሮ ነው እንጂ ደህና ናት» ይለኛል። ኔትወርክ አውቃለሁ እያልኩ የምፎክር ሰውዬ ይህን ዋጥኩት። ሰው ደስ የሚለውን ነገር ለማመን መቼ ማስረጃ ይጠይቃል!

ሳን ሆዜ ውስጥ እንደ ሊያ ያለ የሳይበር ሴኪዩሪቲ ስብሰባ ይዘጋጅ ነበር። አዘጋጁ የሚሠራበት ኩባንያ ሰው ይፈልጋል። «መጥተህ አንድ ነገር አሳየን፤ ከወደድንህ እንነጋገራለን» አለኝ። ሥራውን ካገኘሁ እታለምን አምጥቼ አሳክማታለሁ። በቃ፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ስተኛም ስነሳም የማስበው እሷን ከአየር ማረፊያ ስቀበላት ነው።

ወሩ የካቲት ነበር። ዝናቡ አባርቶ ኮረብታው ሁሉ ለምልሟል፤ በየመንገዱ ዳር የሰናፍጭ አበባ ቢጫ ሆኖ ወጥቷል። እዚህ አገር አረንጓዴ የሚታየው በዚያች አጭር ወቅት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ደርቆ ገለባ ይመስላል። ዳዊት «እኔ አደርስሃለሁ» አለ። መጀመሪያ ግን ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ካለች ምግብ ቤት አስገብቶኝ ጥብስ አዘዘ። ገና ትኩስ ነው፣ ቃሪያው ይሸታል።

«ብላ እንጂ!»

«ጠገብኩ እኮ።»

«ይቺን፣ በሞቴ» ብሎ አጎረሰኝ። ደግሞ አጎረሰኝ።

«ምን ሆነሃል? ልታርደኝ ነው እንዴ የምታደልበኝ?» አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለእንዲህ ዓይነቱ አሥር መልስ ነበረው። ያን ቀን ግን ሌላ ጉርሻ ጠቀለለ።

መኪና ውስጥ ስለ እታለም ሳወራ ሄድኩ። «ስትመጣ መኝታ ቤቴን ለእሷ እለቃለሁ። አንተም ማንኮራፋትህን ታቆማታለህ!» አልኩት።

«እሺ» አለኝ።

ዳዊት ያለ ክርክር እሺ አለ! ትንሽ ቆይቶ ከአውራ ጎዳናው መውጫችንን አልፎት ሄደ፤ ዞረን ነው የተመለስነው። ድካም ነው ብዬ አሰብኩ።

አዳራሹ ሞልቷል። ፒዛው ቀዝቅዟል፣ ላፕቶፑ ሁሉ ላይ ስቲከር ተለጥፏል። የእኔ ማሳያ ቀላል ነበር። ያኔ አብዛኛው ድረ ገጽ እንደ ዛሬው በምስጢር ኮድ አይቆለፍም። ክፍት ዋይፋይ ላይ ሆነህ እንዲህ ያለ ገጽ ከከፈትክ፣ አጠገብህ ያለ ሰው ገጹን እንዳለ በራሱ ስክሪን ላይ ማየት ይችላል። እኔም የራሴን ዋይፋይ ከፈትኩ፤ ለሙከራ ባመጣሁት ሁለተኛ ላፕቶፕ ገብቼ ላሳያቸው ነው። «ሌላ ሰው እንዳይገባበት» ብዬ አስጠነቀቅኩ።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። ቤት ስንለማመድ የሞከርነው በዳዊት ላፕቶፕ ነበር፣ በዚያው የዋይፋይ ስም። ዳዊት ከኋላ ተቀምጦ ላፕቶፑን ሲከፍት፣ ላፕቶፑ የሚያውቀውን ስም አግኝቶ በራሱ ገባ።

ትልቁ ስክሪን ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች መልእክት የሚጻጻፉበት የጸሎት ገጽ ወጣ። ሰው አጨበጨበ። እኔም፣ ከእውነተኛ ሰው ተያዘ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ አነበብኩት።

«ሳን ሆዜ ደርሰናል። እስካሁን ምንም አያውቅም። ንግግሩን ይጨርስ፣ እንጀራው ነው። እህቱ ማክሰኞ ማረፏን ማንም በስልክ እንዳይነግረው። ነገ በጠዋት ሽማግሌዎች ቤት ይምጡ። ዳዊት።»

በዚያ አዳራሽ አማርኛ የምናነብ እሱና እኔ ብቻ ነበርን። አዘጋጁ ከፊት ወንበር ሆኖ በእንግሊዝኛ፣ «ፊደሉ እንዴት ያምራል! ምን ይላል?» አለኝ።

«ጸሎት ነው» አልኩት።

ገመዱን ከስክሪኑ ነቅዬ ወጣሁ። ዳዊት ወንበር እየገፋ ተከተለኝ፤ ፓርኪንግ ላይ ደረሰብኝ።

«ብቻህን ሆነህ እንዳትሰማው ብለን ነው ወንድሜ። ሰው ሰብስበን፣ ይዘንህ…»

«ረቡዕ ደውዬላታለሁ እኮ» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ።

ረቡዕ ስደውል አጠገቤ ቆሞ ሽንኩርት ይከትፍ ነበር። አስፋልቱ ላይ ተቀምጬ «እታለም! እታለም!» እያልኩ ጮህኩ። ዳዊት ከላዬ ሆኖ እቅፍ አድርጎኝ ከእኔ ብሶ ያለቅሳል።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌዎቹ እንደታሰበው መጡ። መርዶውን እንዲናገሩ የተመረጡት ጋሽ መኮንን ነበሩ። ፊት ለፊቴ ቆመው ሊናገሩ ሲሉ፣ ማወቄን ከፊቴ አይተው በጋቢያቸው ተሸፍነው አለቀሱ። ቤቱ ሁሉ አብሮ አለቀሰ። ለቀናት ማንም ብቻዬን አልተወኝም፤ ሲያበሉኝ፣ ሲያስተኙኝ፣ ሲጸልዩልኝ ሰነበቱ። እግዜር ይስጣቸው። ኩባንያውም ሥራውን ሰጠኝ፤ አሳክማታለሁ ያልኳት ከሄደች በኋላ።

ዳዊት አሁን እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ዳብሊን ከተማ ነው የሚኖረው፤ ዛሬም ወንድሜ ነው። መጀመሪያ ላይ በሁሉም ተናድጄ ነበር። ዓመት አልፎ ንዴቱ ወጣልኝ፤ ሐዘኑ ግን እንዳለ ነው። እኔም ዕድሜዬ ገፋ ብሎ ከመርዶ ነጋሪዎቹ አንዱ ሆኛለሁ። ሰው ቤት ስንሄድ ሌሎቹ «ትንሽ እንቆይ፣ መጀመሪያ ይብላ» ይላሉ። እኔ አልችልበትም። አጠገቡ ቁጭ ብዬ፣ እጁን ይዤ፣ «አባትህ አርፈዋል» እለዋለሁ፣ በግልጽ። ጨካኝ ነው የሚሉኝ አሉ። ይበሉኝ። ጋሽ መኮንን ያን ጠዋት ቃሉ ከአፋቸው አልወጣም፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም «ያውቀዋል» እያለ አለፈኝ። እስከ ዛሬ ድረስ፣ እታለም አረፈች ብሎ በአንደበቱ የነገረኝ ሰው የለም።