ድንጋይ የታቀፉት ተሳፋሪ

በቅርቡ አንዲት ያገለገለች ርካሽ መኪና በደላላ ገዛሁ። ስሟን አልጠራም፤ የነዷት ሁሉ ግን «ዳገት ላይ ትጠፋለች፣ ፍሬኗም አይታመንም» እያሉ ያማርሯታል። ከዳባት ወደ ደባርቅ ስሄድ ጋቢ የለበሱ፣ ፀጉራቸው ገብስማ የሆነ ሰው እጃቸውን አነሱልኝና ቆምኩ። መኪናዋን ትኩር ብለው አዩና ከመንገድ ዳር ትልቅ ድንጋይ አንስተው ከኋላዬ ገቡ።

«አባቴ፣ ድንጋዩ ለምንድን ነው?»

«ዝም ብለህ ንዳ ልጄ።»

በመስታወቱ እያየኋቸው ነዳሁ። ዳገቱ መሀል ሞተሩ ጠፋ፤ ፍሬን ብረግጥ እንቢ አለኝ፤ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመርን። ሰውየው ድንጋዩን ብድግ ሲያደርጉት ጭንቅላቴን በሁለት እጄ ያዝኩ። እሳቸው ግን በሩን ከፍተው ዘለሉና ድንጋዩን ጎማው ስር ወሸቁት። መኪናዋ ቀጥ አለች።

«እንደምትጠፋ እንዴት አወቁ?» አልኩ።

«ታርጋዋን አይቼ ነዋ! ከአንተ በፊት የኔ ነበረች።»