የተሰነጠቀው ተራራና መርየም

መርየም ክረምት ሲገባ ሰላም የላትም። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ ከደሴ ወደ ኩታበር በሚወስደው መንገድ አጠገብ የነበረው ቤታቸው ከነአባቷ በናዳ ተቀብሯል። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሦስት ቀን ካላባራ ተራራውን የምታየው እንደ በሽተኛ ነው፤ ዛፉ ዘመመ ወይ፣ ምንጩ ደፈረሰ ወይ፣ መሬቱ ሲረገጥ ይሰምጣል ወይ እያለች።

አሁን አርባ አምስት ዓመቷ ነው። ሰኞ ገበያ ድንችና ጎመን ትሸጣለች። ካደገችም በኋላ ከዚያው ተዳፋት አልራቀችም፤ ሌላ መሬት ከየት ይመጣል? ከቤቷ በላይ መሬቱ መሰንጠቁን ያየች ዕለት ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ሁለት ችካል ተክላ፣ በየጠዋቱ መሀላቸውን በስንዝሯ መለካት ጀመረች።

አምና «ስንጥቁ ሰፋ» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣች። ሰዉ ሁለት ቀን ዝናብ ሲደበድበው ሰንብቶ ቢመለስ ተራራው እንዳለ አለ። መሳቂያ ሆነች።

ዘንድሮ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ፣ አራት ስንዝር የነበረው በአንድ ቀን አምስት ሆነ። ወደ ምንጩ ብትወርድ ውኃው ቀይ ጭቃ ነው። ደግሞ ብሳሳትስ? ዝም ብልስ?

መንደሩ የሚሰማው ሀጂ አብዱልሰላምን ነው። ሮጣ ሄደች።

«ሀጂ፣ ይውጡ። ምንጩ ደፍርሷል።»

«አምናም ብለሽን ነበር፣ ልጄ። አላህ የጻፈው አይቀርም።»

«ምልክቱን ያሳየን ታዲያ እንድንቀመጥ ነው? ወላሂ፣ እርስዎ ካልወጡ እኔም አልወጣም!»

ደጃፋቸው ላይ ቁጭ አለች። ቢለምኗትም ቢቆጧትም አልተነሳችም። ከላይ ጠጠር በተንከባለለ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። በመጨረሻ ሽማግሌው ዘንጋቸውን አነሱ።

«እኔስ ዕድሜ ጠግቤያለሁ፤ ያንቺን ደም ግን አልሸከምም።»

እሳቸው ሲወጡ በተዳፋቱ ላይ ያሉት የሰባቱም ቤቶች ሰው ተከተለ።

ማዶ ካለው ትምህርት ቤት ተጠለሉ። አንድ ቀን አለፈ፤ ሁለት ቀን አለፈ፤ ምንም የለም። ማጉረምረም መጣ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቷ ጀላል «ላሜ በረሃብ ልትሞት ነው» ብሎ ተነሳ። መርየም ክንዱን ብትይዘው መንጭቆ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ምድር አጓራች። ሁሉም ወደ ውጭ ወጣ። ተዳፋቱ ከነዛፉ፣ ከነቤቱ ቁልቁል እየተንሸራተተ ነበር። መርየም «ጀላል!» እያለች ተጣራች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጀላል ጭቃ በጭቃ ሆኖ መጣ። የላሟን ገመድ ብቻ ይዟል። መርየም እግር ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ሰባቱም ቤት ጠፋ፤ ሰው አልሞተም። መርየም ዛሬ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ እህቷ ፈትሂያ ዘንድ ትኖራለች። ናዳው በጠረገው ቦታ ጠርዝ ላይ ግን ሌሎች ሰዎች ቤት መሥራት ጀምረዋል። ከገበያ ስትመለስ እየወጣች እንዲነሱ ትነግራቸዋለች። አንዳንዱ ይሰማታል፤ አንዳንዱ ሚስማሩን መምታቱን አያቋርጥም።