የተቀቀለው ፍላሽ

እንጅባራ ያለው ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ሰዎች ረስተዋቸው የሄዱ ፍላሾች ሞልተዋል። ክዳኑ የጠፋ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ከቤት ቁልፍ ጋር የታሰረ፣ የሌለ ዓይነት የለም። ሥራዬ የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒውተሮች መጠገን ነው። አንዱ ሠራተኛ «ፋይሌ ጠፋ!» ብሎ ላብ አጥምቆት ሲመጣ፣ «አይዞዎት፣ አልጠፋም፣ ቫይረስ ደብቆት ነው» እልና በሁለት ደቂቃ አውጥቼ እሰጠዋለሁ። መርቆኝ ይሄዳል። ነጭ ፍላሽ ያመጣ እንደሆነ ግን ዓይኑን ሳላይ ነው የምቀበለው።

«ልጅ እያለሁ» ማለት ስጀምር እናቴ ትስቅብኛለች፤ «ትናንት አይደለም ወይ?» ትለኛለች። የእኔ እኩዮች ግን ያውቁታል። ኮሮና የዘጋው ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ ማስክ አገጫችን ላይ አንጠልጥለን፣ ፍላሽ በክር አንገታችን ላይ አስረን የምንሄድበት ጊዜ ነበር። የዳንግላው ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት የእጅ መታጠቢያ በርሜል ቆሞ ነበር። ኮምፒውተር ክፍል የሚገባው ጫማ አውልቆ ነው። ዝናቡ ገና ስላላቆመ የአርባ ልጅ የራሰ ካልሲ፣ የጋለ ፕላስቲክና የሳኒታይዘር ሽታ ተቀላቅሎ ይቀበለናል። ያን ሽታ እንወደው ነበር፤ ዛሬም ድንገት አፍንጫዬ ላይ ይመጣብኛል።

ዝና የክፍላችን ልጅ ናት። ከገጠር መጥታ ከሁለት የሰፈሯ ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው፤ ቅዳሜ አገር ቤት ወርዳ እሁድ ስንቋን ተሸክማ ትመለሳለች። አፏን የፈታችው በአዊኛ ስለሆነ አማርኛ ስትናገር ቃሉን ቀስ ብላ ነው የምታወጣው፤ እኛ የከተማ ልጆች ደግሞ ከኋላዋ እየደገምን እንስቃለን። ሆኖም እኛ የሌለን ነገር ነበራት። ዩኒቨርሲቲ የተማረው ወንድሟ ነጭ ፍላሽ ሰጥቷታል። ፍላሹ ላይ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጫን እዚያው ከፍላሹ የሚሠራ የፊደል መጻፊያ ፕሮግራም አለ። መምህራችን በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ላይ ምንም ነገር እንዳይጫን በይለፍ ቃል ዘግቶባቸው ስለነበር፣ ዝና ፍላሿን በሰካችበት ኮምፒውተር ሁሉ ፕሮግራሟን ይዛ ትዞራለች። ደግሞም አማርኛ የማይጠቀምባትን፣ በአፍንጫ የምትባለዋን የአዊኛ ፊደል ጘን ይጽፍላታል። ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው ወራት አባቷን እየተከተለች የዕፅዋት ስም በአዊኛ ስትለቅም ከርማ፣ ያንን ከነአማርኛ ትርጉሙ እየተየበች ነበር።

በዚያው ሰሞን እንጅባራ ላይ በኮምፒውተር ጽሑፍ የማዘጋጀት ውድድር እንዳለ ተነገረን። ከትምህርት ቤታችን የሚሄደው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ለመጨረሻው ምርጫ የቀረነው እኔና ዝና ነበርን። እኔ ስለ ዳንግላ የጋሪ ፈረሶች እየጻፍሁ ነበር፤ ጽሑፌ ከእሷ እንደማይደርስ ልቤ ያውቀዋል። ፕሮግራሙን ገልብጪልኝ ስላት አንዴም አላንገራገረችም። እንዲያውም ጘ የትኛው ቁልፍ ላይ እንዳለች ጣቴን ይዛ አሳየችኝ።

የእኔ ፍላሽ ከዘፈን መጫኛ ሱቅ ነው የመጣው። ሱቁ ውስጥ ያለው ልጅ ዘፈኑን ሲጭንልኝ፣ «ይሄ ነገር ቫይረስ ገብቶበታል፣ ሌላ ቦታ እንዳትሰኪው» ብሎኝ ነበር። ሰማሁት፤ ረስቼውም አይደለም። በማግስቱ ጠዋት የጋሪ ፈረሶቼን ለመጨረስ ቸኩዬ ትምህርት ቤት ሰካሁት። እኔ ስነሣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ የተቀመጠችው ዝና ናት። የእሷ ፍላሽ በየኮምፒውተሩ ሲዞር ውሎ፣ ከሰዓት በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያለው ፋይል ሁሉ ተሰወረ።

መምህራችን አልጮኸም፤ እሱ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል። ያላችሁን ፍላሽ አምጡ አለ። የእኔ ካልሲዬ ውስጥ ነበር፤ ቤት ነው አልሁ። የዝናን ሰካው፤ ውስጡ አንዲት ቃል የለም። «ይህን ቫይረስ ከየት ነው ያመጣሽብኝ?» አላት። እሷም በዚያ በቀስታዋ አማርኛ «እኔንጃ ቲቸር፣ ከቤት ነው» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፍላሹ እስኪጸዳ ድረስ እዚህ ክፍል እንዳትገቢ ተባለች። ውድድሩ ሊደርስ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ጫማዋን ልታጠልቅ ወደ በሩ ስትመጣ ማስኬን ከአገጬ ወደ አፍንጫዬ አነሣሁት። መጀመሪያ ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። አርባው ልጅ ተከተለኝ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ስሟ «ቫይረስ» ሆነ። ስታልፍ ማስክ ይነሣል፣ ወንበር ይሸሻል፣ አንዱ ሳኒታይዘር ይረጭባታል። እንዴት እንደጣመን አልዋሽም። ኳስ ውርውር የመጫወትን ያህል ያስደስተን ነበር።

በዕረፍት ሰዓት በርሜሉ ጋ አገኘችኝ። ሬዲዮው፣ ጤና ጣቢያው፣ የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ፣ ሁሉም ቫይረስ በመታጠብ ይጠፋል በሚልበት ዘመን የጠየቀችኝ ነገር የሚያስቅ አልነበረም።

«ይሄስ በምን ይጸዳል? በሳሙና ይሆናል?»

«ሳሙና አይችለውም፤ የፈላ ውኃ ነው። በደንብ ይንተክተክ» አልኋት።

ፍላሹን እንደሚገድለው አውቃለሁ። ፊቴ ላይ ፈገግታ እንኳ አልነበረም። «እግዜር ይስጥሽ» ብላኝ ሄደች።

በማግስቱ በንጹሕ ነጠላ ጫፍ ቋጥራ አመጣችው። ሽሮ በምትሠራባት ድስት ቀቅላዋለች፤ ፕላስቲኩ ተጣሞ አፉን ከፍቷል። መምህሩ ሰካው፣ ነቀለው፣ ደግሞ ሰካው። ኮምፒውተሩ ዝም አለ። «ምን አደረግሽው?» ሲላት፣ «አጠብሁት» አለች። ያን ጊዜ የሳቅነው ሳቅ እስከ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተሰምቷል። ዝና ግን መምህሩን እንጂ እኛን አታይም ነበር፤ አባቷ የነገሯት የዕፅዋት ስም ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበረና አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲሞክር ትለምነዋለች። ከማን እንደሰማችው ሲጠይቃት ስሜን አልጠራችም።

እንጅባራ የሄድሁት እኔ ነኝ። አንዱ ዳኛ የሁለት የገጠር ቀበሌዎችን ስም በጘ መጻፌን አይቶ፣ ይቺን ፊደል ያስታወሳት ተማሪ ዛሬ ገና አየሁ ብሎ አሞገሰኝ። ጽሑፌን ከፍላሼ የገለበጠልኝ ወጣት ደግሞ ቫይረሱን አይቶ ሳቀ። ሁለት ደቂቃ ነካ ነካ አደረገና የተሰወረው ሁሉ ተመለሰ። «ይሄ እኮ አያጠፋም፣ መደበቅ ብቻ ነው» አለኝ። የዝና ዕፅዋት ድስቱ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ አንድም ሳይጎድሉ እዚያው እንደነበሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሰርተፍኬቴን ይዤ ዳንግላ ስመለስ ለማንም አልተናገርሁም።

ባለፈው ሳምንት ዝና ቢሮዬ መጣች። ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ሪፖርት ልታሳትም ነው። አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ፋይሉን በቴሌግራም ነው የላከችልኝ፤ «ፍላሽ ከተውሁ ቆይቻለሁ» አለችኝ። ስለ አባቷ ጠየቅኋት። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ዐርፈዋል። የዕፅዋቱን ስሞች እንደገና ልትለቅም ሞክራ ግማሹን የሚያውቅላት ሰው አጣች።

ስለ መቀቀሉ ያነሣችው እሷው ናት፤ እየሳቀች። «ሁለታችንም ምን እናውቅ ነበር፤ አንቺም ልትረጂኝ ብለሽ ነው» አለችኝ። ከዚያ ሳቋን ተወችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ግን የናንተንም ሥራ አበላሸሁባችሁ። ያን ቫይረስ ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀድሜ ሳልልሽ ቀረሁ እንጂ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ያኔ አፌን የዘጋሁት መምህሩን ፈርቼ፣ እንጅባራ እንዳትቀርብኝ ፈርቼ ነበር፤ ልጅ ነበርሁ እላለሁ። አሁን ቢሮው ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። ሪፖርቷን ከማተሚያው አንሥቼ ጠርዙን አስተካክዬ ሰጠኋት።

«ምንም አይደል» አልኋት። «ይቅር ብዬሻለሁ።»